ብረቱ ይሁን

ሰባት ክሊኒክ ነው የደወልኩት ባንድ ጧት፣
የወተት ቦቴዬን አቁሜ ከኤምሪስ በረት፤
አንዷ «ዝርዝሩ ሞልቷል»፣ አንዱ «ለከርሞ ይሞክሩ»፣
አንዷ ሙዚቃ ከፍታ ጠፋች ከነመስመሩ።
ጥርሴን ነክሼ ጠበቅሁ። ሲያስቡት ይህም ያስቃል፤
የጥርስ ሐኪም ፈላጊ ቀድሞ ጥርስ መንከስ ይማራል።

ልጄ ኔሪስ አሥራ ሦስት ሞላት፤
የላይ ክራንቻዋ ከረድፉ ወጥቶባት
እንዳረፈደ ተማሪ ደጅ ቆሟል፤
የታቹ ረድፍ ገበያ ነው፣ ትከሻ ለትከሻ ይጋፋል።
ሰው ሲያያት ከንፈሯን እንደ ቦርሳ ትዘጋለች፤
ኮርኔቷን፣ የመለከትን ታናሽ እህት፣
ስትነፋ ብቻ ትረሳዋለች።
የከሰሉ ጉድጓድ ከተደፈነ ሠላሳ ክረምት አለፈው፤
የቆፋሪዎቹ ባንድ ግን ማክሰኞ ማታ ዛሬም ይነፋል፣
ሳንባቸው ያለቀ አባቶችን ወንበር ልጆች ወርሰው።

ወሬው የመጣው ከቱባ ነፊው ከግሪፍ ነው፣
አዲስ የተተከለ ጥርሱን በምላሱ እየዳሰሰው፦
«ከተራራው ማዶ፣ ከዓሣ ጥብሱ ቤት ጎን፤
እጇ ቀላል ነው፣ ሰው አትመልስም፤
ግን ሐሙስ ሳይመሽ ተመዝገብ፣
ዓርብ እሷም ትሞላለች።»

ሳትሞላ ደረስን።
እሷ ደግሞ ወደ ጥርስ አቃኚዋ ጻፈችልን፤
አራት ወር ጠበቅን።

ዶክተር ራትናያኬ መንጋጋዋን ለካች፣ ፎቶ አነሣች፣
ሊጥ የመሰለ ነገር አስነከሰቻት፣
ከዚያ ሦስት መንገድ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።
«ይኼ ብረት ነው። በየጥርሱ አንዳንድ ቁልፍ፣ በመሃል ሽቦ፤
በየስድስት ሳምንቱ ይጠብቃል፣ ሁለት ዓመት ይፈጃል፤
የእሷ ጥርስ ከመስፈርቱ ገብቷል፣ መንግሥት ይከፍላል።
ይኼኛው ያው ነው፣ መልኩ ብቻ ጥርስ ይመስላል፤
ሦስተኛው እንደ ውሃ የጠራ ልባስ ነው፣
ሲበሉ ይወልቃል፤
ቢሆንም በቀን ሃያ ሁለት ሰዓት አፍ ውስጥ ይውላል።»
የሁለቱን ዋጋ በእርሳስ ጻፈች፣
ወረቀቱን ቀስ ብላ ወደ እኔ ገፋች።

ኔሪስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦
«ኮርኔቴስ?»

ሐኪሟ እርሳሷን አስቀመጠች።
«ይዘሻት መጥተሻል?»
ከእግሯ ሥር ነበረች፣ በሳጥኗ።
ልጄ ተነሥታ ነፋች፣ እዚያው መብራቱ ሥር፤
የጎረቤት ክፍል መሰርሰሪያ ጸጥ አለ፣
ኮሪደር ላይ ሲያለቅስ የነበረ ሕፃንም፣
የምን ድምፅ ነው ብሎ ይመስለኛል።

«ብረቱ መጀመሪያ ከንፈርሽን ይበላዋል፤
ሰም እሰጥሻለሁ። ድምፅሽ ይጠፋል፣ ከዚያ ይመለሳል፤
መቼ እንደሚመለስ ግን አልዋሽሽም፣ አላውቅም።
የጠራውን ግን ስትነፊ ታወልቂዋለሽ።»

ልጄ ወረቀቱን አላየችም።
እጄን አየች፣ ቅባት የገባበት ጥፍሬን፣
«ብረቱ ይሁን» አለች። ሳቀችም።
ጥርስ ባዳ ነው ይባላል፤ ልብ ሲያዝን እሱ ይስቃል፤
እኔ እንዳምናት አፏን እስከ ዳር ከፈተች፣
ዕድሜዋን ሙሉ የደበቀችውን ክራንቻ
ምስክር አድርጋ አወጣች።

ለማመን ፈለግሁ። አመንኩም።
ሌሊት ተጨማሪ መንገድ ብነዳ ስንት ወር እንደሚፈጅ
ያሰላሁት ወደ ቤት ስንመለስ ነው፣ ከረፈደ፣
ቁልፎቹ ከተለጠፉ በኋላ።

የባንዱ መሪ ከፊት ወንበር ወደ ሦስተኛ አወረዳት፤
ምንም አላለችም። ሾርባ ጠጣች።
የአፍ መንፊያዋን ስታጥብ ውሃው ሮዝ ሆነ፣
ቧንቧውን ለቀቀችበት።

ዛሬ ከንጋቱ አሥራ ሁለት፣ ቦቴው ውስጥ ቁልፍ ይዤ ሳለሁ፣
ከጋራዡ አንድ ድምፅ ሰማሁ፣
ጎረቤት እንዳይነቃ ካልሲዬን የጎረሰች ኮርኔት፤
ድምፁ ወጣ፣ ተሰነጠቀ፣
ዝም አለች፤ ሰሙን እያስተካከለች ይሆናል፤
እንደገና ወጣ፣ ትንሽ ረዘመ።

ሞተሩን አላስነሣሁም።
የኤምሪስ ላሞች ይጠብቁ።